የአያቴን ስም የያዘ ሰፈር ፍለጋ፦ ከስልክ ካርታ እስከ ሽማግሌ

የወንድሜ ልጅ ውጭ አገር ነው የተወለደችው። አንድ ማታ በቴሌግራም የካርታ ፎቶ ላከችልኝ። ከካራ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር ምልክት አለ፤ «ደስታ» ይላል። ከሥሩ «ጋሼ፣ ይሄ የኛ ሰፈር ነው እንዴ?» ብላ ጽፋለች።

ደስታ የአያቴ ስም ነው። ለሷ ደግሞ «ላስት ኔም» ነው። ወንድሜ ሲወጣ የአያታችን ስም በዚያ ቦታ ተሞላ፤ ልጁ ስትወለድም እንዳለ ተሻገረላት። እዚህ ብትወለድ ኖሮ ሦስተኛው ስሟ የአባቴ ይሆን ነበር። ማለትም አያቴ እዚያ የቤተሰብ ስም ሆነው ቀርተዋል፤ እዚህ ደግሞ ከልጆቻችን መታወቂያ ላይ ወርደዋል።

ቅዳሜ ሄድኩ። ምልክቱ ያለበት ቦታ ሥጋ ቤት ነው። ባለቤቱን «ደስታ የማን ስም ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ቢላዋውን እያፋጨ ሳቀ። «የማንም አይደለም ወንድሜ፣ ሥጋ ሲበላ ደስ አይልህም?» አለኝ። ሩብ ኪሎ ጥብስ በልቼ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩን በደንብ ተያያዝኩት። በአዲስ አበባ ዳርቻ የአባት ወይም የአያት ስም ያለበትን ቦታ የምትፈልጉ ከሆነ ከስሕተቴ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም አለው ይላል። ወረቀት ላይ አለ፤ ኑሯችን ውስጥ ግን አልገባም። የኛ ስም አንድ ትውልድ ሲጨመር አንዱን ከኋላ እየጣለ የሚሄድ ነው። ስለዚህ የአያታችሁን ስም የያዘ ሰፈር ብታገኙ «የማን ደስታ?» የሚለው ጥያቄ ገና አልተመለሰም። ሥራው በሙሉ እዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

1. ሰውየው የሚጠራባቸውን ስሞች ሁሉ ሰብስቡ

ወረቀት አውጡና የምትፈልጉትን ሰው ስም ከአባቱና ከአያቱ ጋር ጻፉ። ቢቻል አራት ትውልድ ይሁን። ቀጥሎ ታላላቆቻችሁን «ሰው ምን ብሎ ነበር የሚጠራቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ስማቸው ማን ነው?» እና «ምን ይባሉ ነበር?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ የሚገኘው መልስም ይለያያል።

በቀድሞው ዘመን የተከበረ ሰው በስሙ ብቻ አይጠራም። ማዕረግ አለ፦ ደጃች፣ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ ባሻ፣ ነጋድራስ። አንዳንዴ ማዕረጉ ስሙን ይውጠዋል። የፈረስ ስምም አለ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «አባ መላ» ነበሩ፤ ደጃዝማች ባልቻ «አባ ነፍሶ»። ከነዚህ ስሞች በአንዱ ቦታ ቢጠራ የመዝገብ ስሙን ብቻ ይዞ የሚፈልግ ሰው በአጠገቡ ያልፋል።

የክርስትና ስም ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰውየው «ወልደ ገብርኤል» ሆኖ ተመዝግቦ ሰፈር ግን «ሞላ» ይለው ይሆናል። አጭሩ ስምም አይረሳ። ወልዴ፣ ገብሬ፣ ኃይሌ የብዙ ረጅም ስሞች ቁራጭ ናቸው።

እኔ ይህን ሳደርግ አክስቴ እንደ ቀላል ነገር «ባሻ ነበር እኮ የሚሉት» አለችኝ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስለ አያቴ ስሰማ ይህን የነገረኝ አልነበረም። ማን ጠይቆ!

2. ፊደሉን አባዙ

ስልካችሁ ሀን ከሐ ጋር አንድ ናቸው ብሎ አያስብም። ኃይሉን ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ ብላችሁ ደግማችሁ ፈልጉ። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ። ሁለት ቃል ያለው ስም ከሆነ ተለያይቶም ተጣብቆም በእዝባርም ሞክሩት፦ ገብረ መድኅን፣ ገብረመድህን፣ ገ/መድህን።

በላቲን ፊደል ደግሞ ይብሳል። ኃይሉ በኤ አይም በኤ ዋይም ይጻፋል። ፀጋዬን ቲ ኤስ ብሎ የሚጀምር አለ፣ ቲ ኤስ ኢ የሚል አለ፣ ቲዋን ጥሎ በኤስ ብቻ የሚጀምርም አለ። የጣሊያን ዘመን ካርታ ላይማ አጻጻፉ በጣሊያንኛ ድምፅ ነው።

3. ካርታ ላይ ፈልጉ

ከጉግል ካርታ መጀመር ይቻላል፤ ግን አትመኑት። ብዙውን ምልክት ያስቀመጠው ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ኦፕንስትሪትማፕ የሚባለውም አለ። ኦቨርፓስ ተርቦ በሚለው መፈለጊያው አንድ ስም በመረጣችሁት አካባቢ የት የት እንደሚገኝ በአንድ ጊዜ ያሳያል። ከሰንዳፋ እስከ ሰበታ ሳጥን አስምራችሁ ስሙን ብትሰጡት የተገኘውን ሁሉ ይለቅማል።

ለኔ ግን ትልቁ ሀብት የወረቀት ካርታ ነው። ድሮ የካርታ ሥራ ድርጅት እንለው የነበረው ዛሬ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ውስጥ ገብቷል። ባለ 1፡50,000 ካርታዎቹ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመባቸው ቦታዎች በድሮዎቹ እትሞች ላይ ጎጥ፣ ወንዝና ጉብታ ናቸው፤ ስምም አላቸው። አዲሱ ካርታ «ብሎክ 14» የሚላችሁን አሮጌው በስሙ ይጠራዋል።

ካርታ የማያውቀውን ደግሞ የታክሲ ረዳት ያውቃል። ከመገናኛ ተሳፍራችሁ እስከ መጨረሻው ሂዱና የሚጠራውን ፌርማታ ሁሉ ጻፉ። ረዳቱ የሚጠራው ሰው የሚወርድበትን ስም እንጂ ታፔላ ላይ ያለውን አይደለም።

4. ስሙ የሰው ስም መሆኑን አጣሩ

እኔን ሥጋ ቤት ያበላኝ ይህን ደረጃ መዝለሌ ነው።

የአዲስ አበባ ዙሪያ የቦታ ስም አብዛኛው ኦሮምኛ ነው። ቱሉ ኮረብታ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ቀይ ኮረብታ። ለጋ ወንዝ ነው፤ ለገጣፎና ለገዳዲ መነሻቸው እሱ ነው። ገፈርሳ ጎሽ ነው። ኦሮምኛ የማትችሉ ከሆነ የሚችል ሰው ይዛችሁ ስሙን አስተርጉሙ፤ በድምፅ መመሳሰል ብቻ «የአያቴ ነው» ማለት ያስቃል።

የጎሳ ስም የሆነም አለ። ጉለሌ፣ የካ (በኦሮምኛው ኤካ)፣ ገላን የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ስም ናቸው። በአገራችን ለ«ቤተሰብ ስም» በጣም የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል፤ ከአያት አያት የመጣ፣ ሰውም መሬትም የሚጠራበት። ዘራችሁ ከነዚህ ከሆነ ፍለጋችሁ ከኔ ይልቅ ቀላል ነው። ትውልድ የሚቆጥር ሽማግሌ ካገኛችሁ ሐረጉን እስከ ጎሳው ያወርድላችኋል። «ወረ» ብሎ የሚጀምር ስም ሲያጋጥማችሁም ልብ በሉ። ወራ ቤተሰብ፣ ቤተ ሰው ማለት ነው፤ ወሎ ውስጥ እነ ወረ ባቦ እንዳሉት። ከኋላው የሚመጣው የሰው ስም ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ሌላ የኩባንያና የፕሮጀክት ስም አለ። ሲኤምሲ የጣሊያን ሥራ ተቋራጭ ነበር። ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ባንኩ ገንዘብ ከሰጠው የቤቶች ሥራ ነው። «አያት» የሚለውን ሰፈር ሰምታችሁ «የማን አያት?» ብላችሁ አትልፉ፤ የቤት አልሚ ስም ነው። የወንድሜ ልጅ ይህንንም ጠይቃኛለች፣ አልፈርድባትም።

የቀረው የቤተ ክርስቲያን ስም፣ የዛፍ ስም፣ የግሮሰሪ ስም ነው። ደስታ፣ ሰላም፣ ተስፋ፣ ብርሃን የሰው ስምም የሱቅ ስምም ናቸው። እንዲህ ያለ ስም ያላችሁ ሁለት ጊዜ አጣሩ።

5. ዘመኑን አመሳክሩ

ስሙ የሰው ከሆነ «ሰውየው በዚያ ዘመን ነበር ወይ?» ነው ቀጣዩ። መሀል ከተማ ያለውን ደጃች ውቤ ሰፈርን ውሰዱ፤ ውቤ በረሃ የሚባለውን። ታሪክ የሚወድ ሰው የሰሜኑ ደጃች ውቤ ትዝ ይሉታል። እሳቸው ግን በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በቴዎድሮስ የተሸነፉት ናቸው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ በሕይወት አልነበሩም። የሰፈሩ ውቤ የምኒልክ ዘመን ሰው ናቸው። ስም አንድ፣ ማዕረግ አንድ፣ ሰው ሁለት። ደጃዝማች ላይ ይህ ከሆነ የኔን ባሻ ደስታ አስቡት።

«ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ ይረዳችኋል። መስፈር ነው። ከተማዋ ስትጀመር መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው የሰፈሩበት ቦታ በየስማቸው ተጠራ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር፣ ሼክ ሆጀሌ ሰፈርም በሰው ስም የተጠሩ ናቸው። ዳርቻው ላይ ግን ነገሩ ይለያል። እዚያ ስም የቀረው ብዙ ጊዜ መሬቱን ከያዘው፣ ግብር ካስገበረው፣ ወፍጮ ከተከለው ወይም መንገድ ዳር ጠላ ከሸጠችው ሰው ነው። ስለዚህ አያቴ ሹም አልነበሩም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ሴት አያቶችንም ዝርዝሩ ውስጥ አስገቡ።

የውጭ ካርታ ላይ ያለው ዓመት የፈረንጅ መሆኑን አትርሱ። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀንሱ።

6. የተፋቀውን ስም ፈልጉ

ስም ይነሳል፣ ይቀየራል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የነገሥታቱና የመኳንንቱ ስም ከብዙ ቦታ ወረደ። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት እንጦጦ ሆነ። ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ጦር ኃይሎች ሆነ፤ ዛሬ ሰፈሩ በዚያ ስም ይጠራል። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት በአዋጅ 31፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ 47 የመንግሥት ሆነ። ቀበሌ መጣ፣ ቁጥር መጣ፣ «የእገሌ ሜዳ» ቀበሌ ዜሮ ምናምን ሆነ።

ዳርቻው ያን ጊዜ ገጠር ስለነበር የምትፈልጉት ወረቀት የከተማ ላይሆን ይችላል። ከ1967 በፊት ያለ ከሆነ የመሬት ግብርና የአሥራት ደረሰኝ ፈልጉ። የባለመሬቱ ስም፣ የቦታው ስም፣ አንዳንዴም የጋሻው ብዛት ይጻፍበታል። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ነው። እንዲህ ያለ ደረሰኝ የሚገኘው ቢሮ ውስጥ ሳይሆን የአያቶች ሳጥን ውስጥ ነው። ዘመድ ቤት ስትሄዱ «ሳጥኑ የማን እጅ ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አንድ ቤት አይጠፋም።

ቢሮ የምትሄዱ ከሆነ ግን አስተዳደሩ ስንት ጊዜ እንደተከፋፈለ እወቁ። አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በ10 ክፍለ ከተማ ተከፈለች። ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ተጨመረ፤ ያኔ የካና ቦሌ ሥር የነበሩ ቦታዎች ወደሱ ሄዱ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታና ገላን በሸገር ከተማ ሥር ሆኑ። አንድ ሜዳ ሳይንቀሳቀስ ሦስት አድራሻ ሊኖረው ይችላል። እኔ አንድ ቢሮ ሄጄ «ፋይሉ እኛ ጋ የለም» ተባልኩ፤ ሁለተኛው ወደ መጀመሪያው መለሰኝ። ወር ፈጀ፣ ምንም አልያዝኩም። ቢሮ የመጨረሻ ምርጫችሁ ይሁን።

ከቢሮ ይልቅ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ይሻላል። የድሮ ጋዜጦች፣ ነጋሪት ጋዜጣና መዛግብት አሉ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም የቆዩ ጥናቶችና ካርታዎች አሉት። መታወቂያና የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። የምትፈልጉትን ስም ሳይሆን የምትፈልጉትን ዓመትና አካባቢ ነግራችሁ ጀምሩ፤ ሠራተኞቹ እንዲህ ሲሆን ነው መርዳት የሚችሉት።

7. ሄዳችሁ ጠይቁ

እስካሁን ያለው ሁሉ ለዚህ ዝግጅት ነው። በደንብ ካልተዘጋጃችሁ ግን አትሂዱ፤ ምክንያቱም ዳርቻው ላይ ስለ መሬት መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም።

አስቡት። ማንነታችሁ ያልታወቀ ሰው ስልክ ይዛችሁ «ይህ መሬት የማን ነበር?» ትላላችሁ። የሚሰማችሁ ሰው መሬቱ ለልማት ተወስዶበታል፣ ወይም ነገ ሊወሰድብኝ ነው ብሎ ይሰጋል። ደላላ ናችሁ፣ ካልሆነም የድሮ ባለርስት ልጅ ናችሁ። ሁለቱም አይወደዱም። ስለዚህ መጀመሪያ የመጣችሁበትን በግልጽ ተናገሩ፦ መሬት አልፈልግም፣ የአያቴን ታሪክ ነው። ዛሬ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የአያት ስም ሰፈር ላይ ስላለ የሚገኝ ካሬ የለም። ይህን ለነሱ ብቻ ሳይሆን ለራሳችሁ ዘመዶችም ንገሩ። እኔ ፍለጋ ላይ እንደሆንኩ የሰማ አንድ የሩቅ ዘመድ «ስንት ካሬ ነው?» ብሎ ደውሎልኛል።

ትልቅ ካርታ ዘርግታችሁ አትቁሙ። ቀያሽ ትመስላላችሁ።

የት ትጠይቃላችሁ? ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ። መስጊድ አጠገብ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ። የእድር ድንኳን ሥር። የእድር ዳኛና ጸሐፊ ብዙ ያውቃሉ፤ የቆየ የእድር መዝገብ ካላቸው የነባሩ ነዋሪ ስም ከነሰፈሩ ያለው እሱ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያን መቃብርም ተመልከቱ። ሐውልት ላይ ሙሉ ስም፣ ማዕረግና ዓመተ ምሕረት በአንድ ላይ ይገኛል፤ ከዚያ የተሻለ ወረቀት የለም።

ሽማግሌውን በወጉ ሰላም በሉ። ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆኑ «አካም ጅርቱ» ማለት እንኳ ፊታቸውን ይፈታዋል። ቀጥላችሁ ዝም በሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ የናንተ አይሆንም።

እኔ ከኮተቤ በላይ አንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የተቀመጡ አባት ጋ ቀረብኩ። ጋቢያቸውን አስተካከሉና ከራስ እስከ እግሬ አዩኝ።

«የማን ልጅ ነህ?»

ስሜን ከነአባቴ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከዚያስ?»

«ደስታ።»

«ደስታ የሚባል አላውቅም።»

ልቤ ወረደ። ተነሥቼ ልሄድ ስል አክስቴ ያለችው ትዝ አለኝ። «አባባ፣ ባሻ ነበር የሚሏቸው።»

ከዘራቸውን አነሡ። አፈሩ ላይ ረጅም መስመር ሳቡ፤ «ይሄ ወንዙ» አሉ። በመስመሩ ወዲያ ማዶ አንድ ክብ ጨመሩ። «ባሻ እዚህ ነበር። ቦታው ባሻ ሜዳ ነው። እኛ ልጅ ሆነን ከብት እናግድበት ነበር። አሁን ፎቅ ነው።» ከዘራቸውን ወደ ኮንዶሚኒየሙ ቀሰሩ።

ተመልከቱ፣ ካርታ ላይ ስፈልገው የነበረው «ደስታ» ነው። ቦታው የተጠራው በማዕረግ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ደረጃ ያስረዘምኩት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የሚደረግ ስሕተት አለ፦ መልሱን ለሽማግሌው ማቀበል። «ባሻ ደስታ አይደሉም?» ብትሏቸው ለይሉኝታ «አዎ» ይሏችኋል። ይልቁንስ ክፍት ጥያቄ ጠይቁ። ባሻ ከየት መጡ? ልጆቻቸው እነማን ናቸው? ሚስታቸው የማን ልጅ ነች? የት ተቀበሩ? የናንተን ዝርዝር ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉና በኋላ አመሳክሩት። አንድ ሰው ብቻ አይበቃም፤ ከመጀመሪያው ጋር ያልተነጋገረ ሁለተኛ ሰው ፈልጉ።

ሳታስፈቅዱ ድምፅ አትቅረጹ። ስትሄዱም ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ቡናና ስኳር ይበቃል።

8. መዝግቡት

በዚያው ቀን ማታ ጻፉ። የነገራችሁን ሰው ዕድሜ፣ ቀኑን፣ ቃሉን እንዳለ። ቦታው ላይ ቆማችሁ የስልካችሁን የመገኛ ቁጥር ያዙ፤ ሰፈሩ ፈርሶ ቢሠራ ቁጥሩ አይፈርስም። የተረጋገጠውንና የተባለውን በሁለት ቀለም ለዩ። እርግጠኛ ሳትሆኑ ግን ጉግል ካርታ ላይ ስም አትለጥፉ፤ ሌላ ሰው እንደኔ ታክሲ ከፍሎ ይመጣል።

እኔ ጋ እስካሁን በጥቁር የተጻፈው አንድ መስመር ነው፦ ባሻ ሜዳ የሚባል ቦታ ነበረ። የቀረው በቀይ ነው። ባሻ ከየት እንደመጡ ሽማግሌው አያውቁም፤ ታላቅ እኅታቸው ግን የባሻ ሠርግ ላይ ነበረች አሉኝ። ሰንዳፋ ነው የምትኖረው። ለወንድሜ ልጅ ይህንኑ ጻፍኩላት። «ታዲያ መቼ ነው የምትሄደው?» አለችኝ። ለጥምቀት ስትመጣ አብረን እንሄዳለን። እስከዚያ አራት ትውልድ በቃሏ እንድታጠና የቤት ሥራ ሰጥቻታለሁ፤ እዚያ ስንደርስ መጀመሪያ የምትጠየቀው እሷ ናት።